ፈገግታ በለቅሶ ሰሞን

አከራዬ የሞቱት ቃለ መጠይቄ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ፉሪ፣ ከሰበታ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ኦቦ» የሚላቸው፣ እርሻቸውን ቤት የዋጠባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ክፉ አልነበሩም። የሞቱበት ቀን ግን አንጀቴን አሳረረኝ።

ሩቅ ምሥራቅ ያለ የሕፃናት ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ይፈልግ ነበር። ካመለከትኩባቸው ሁሉ መልስ የሰጠኝ እሱ ብቻ ነው። በስልክ ቪዲዮ ማስተማሬን ላሳይ ነው፤ ጠያቂዋ ሕፃን ትሆናለች፣ እኔ እዘፍናለሁ፣ አጨበጭባለሁ፣ እዘላለሁ። ከሁሉም በላይ ፈገግ ማለት አለብኝ። እዚህ አስተማሪ ጥርሱን ካሳየ ክፍሉ ገበያ ይሆናል፤ ዕድሜዬን ሙሉ ፊቴን ቋጥሬ ነው ያስተማርኩት። ስለዚህ መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን ሳሠለጥን ከረምኩ።

አሁን ደጄ ላይ ድንኳን ተተክሏል። የክፍሌ ግድግዳ ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ሙሾ ሲወርድ ከወዲህ የሕፃናት ዘፈን ይዘፈናል? ቀኑን ቀይሩልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ቀን የለንም አሉ። የማስተምርበት ትምህርት ቤት እንዳልሄድ ቀኑ ቅዳሜ ስለሆነ ዝግ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ዘበኛም ለቅሶ ላይ ነበር።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል አይደል? ከቀብር መልስ ሹልክ ብዬ፣ ቤት ገና ያልደረሰበት የጤፍ ማሳ ዳር ወጣሁ። እዚያ ኔትወርኩ ደህና ነው። ስልኬን አጥር ላይ አቁሜ ዘፈንኩ፣ ዘለልኩ፣ ጉንጬ እስኪያመኝ ሳቅኩ። መሃል ላይ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ የገጠር ዘመዶች በማሳው ጥግ ብቅ አሉ። ቆም ብለው አዩኝና ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። እኔ አላቋረጥኩም።

ጠያቂዋ ደስ አላት። ልጆች ይወዱሃል አለችኝ። ቀጥላ ፓስፖርቴ የየት አገር እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሲቪዬ ላይ እኮ ተጽፏል! ነገርኳት። ትምህርት ቤቱ የሚቀጥረው እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ከሆነ ጥቂት አገሮች የመጡትን ብቻ ነው ብላ፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋች። ታዲያ ያን ሁሉ ዝላይ ምን አስዘለለኝ? መጠየቅ የነበረባት ከመዝለሌ በፊት አልነበረም? ፊቴ እንኳ ለምዶበት አሁንም ፈገግ እንዳለ ነው።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ማሳው ላይ ያዩኝ ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። የምገባበት ጠፋኝ። አንደኛው ሽማግሌ ግን ጠጋ ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ጀባዹ፣ በርታ ልጄ» አሉኝ። «ሐዘን እንዲህ ያደርጋል። እኔም ወንድሜን የቀበርኩ ጊዜ ዱር ለዱር ብቻዬን ስጮህ ነበር።»

ዘወር ብለውም አጠገባቸው ለተቀመጡት ያንኑ በኦሮምኛ ነገሯቸው። አንዲት ሴት ከንፈሯን መጠጠችልኝ።

ያን ጊዜ ነው እንባዬን ዘርግፌ ያለቀስኩት። ለፓስፖርቱ፣ ለዝላዩ፣ ለዚያ ሁሉ ፈገግታ። ለማን አስረዳለሁ? ድንኳኑ በሙሉ አብሮኝ አለቀሰ። ድምፃቸው የተዘጋው የሟች ባለቤት ከሴቶቹ መሃል ተነስተው መጡና አንገቴን አቀፉኝ።

«በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉኝ። «እሱ ባይኖር እኔ አለሁ። ከዚህ ቤት ማንም አያስወጣህም። የትም አትሄድም።»