ቢሻን

ከወለጋ ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣን ሰሞን ልጄ ትምህርት ቤት አፏን አልከፍት አለች። ያደገችው ከጎረቤት ልጆች ጋር በኦሮምኛ ነው፤ ቤት ስትገባ ወሬዋን ማን ይችለዋል! መምህሯ ደግ ሰው ናቸው። ቢጨንቃቸው፣ «እስከ ሰኞ አንድ ቃል ካልመለሰችልኝ ከሦስተኛ ወደ አንደኛ ክፍል ላወርዳት ነው» አሉኝ። ስለት ተሳልሁ።

ዓርብ ዕለት ክፍሉ ከነወላጁ ወደ አዲሱ የሳይንስ ሙዚየም ተጠራ። ከሌላ አገር ለመጣን ቤተሰቦች የተለየ ግብዣ ነው ተባለ። በሩ ላይ ሰፊ ጨርቅ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ተሰቅሏል።

«ምን ይላል?» አልሁት አስጎብኚውን።

«በቋንቋ ምክንያት ማንም አይቀርም ይላል።»

እግዚአብሔር ይስጠው፣ ባይነግረኝ አላውቅም ነበር።

ውስጥ ያለው ጽሑፍ አማርኛ ነው። አንዱ «የዑደተ ትነት ሥርዓታዊ መስተጋብር» ይላል። የልጅ ልጃቸውን ይዘው የመጡ የኔታ፣ የደብራችን የቅኔ መምህር፣ አጠገቤ ቆመው ነበር።

«የኔታ፣ ግእዝ ነው?» አልኋቸው።

«ግእዝስ ቢሆን ይገባኝ ነበር» አሉ።

በዚህ በኩል አድልዎ የለም። ለሁላችንም እኩል አልገባንም።

አስጎብኚው ልጄ አማርኛ እንዳልለመደች ሲነገረው ድምፁን ከፍ አደረገ። ዝም ስትለው ጮኸ። ደንቆሮ ናት ያሉት መስሎት ይሆናል። ኋላ የሚፈላ ውሃ ወዳለበት መስታወት ወሰደን። እንፋሎቱ ወጥቶ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ወደ ታች ይንጠባጠባል።

«አንቺ! ይህ የሚወርደው ምንድን ነው?»

ልጄ መስታወቱን አየችና «ቢሻን» አለች።

መምህሯ ዞር አሉ። የኔታ በመቋሚያቸው ወለሉን መቱ።

«ይበል! እግዚአብሔር ቢሻን ነዋ የሚወርደው! ባይሻን ከየት ይዘንማል? ይህች ልጅ ባለቅኔ ናት!»

ሰው አጨበጨበ። ዝም ብል ልጄ ከክፍሏ አትወርድም፤ ግን ስለቴን በውሸት እንዴት አስገባለሁ?

«አይ የኔታ» አልሁ፣ «ውሃ ማለቷ ነው። በኦሮምኛ ውሃ ቢሻን ነው።»

ጭብጨባው ቆመ። መምህሯ ብቻ ሳቁ።

«ታዲያ የተጠየቀችው ምን ሆነና? የሚወርደው ውሃ አይደል እንዴ?» አሉ። ዝቅ ብለው «ውሃው እንዴት ወደ ላይ ወጣ?» ሲሏት በእጇ እያሳየች በኦሮምኛ ዘረገፈችው፤ እኔ አስተረጎምሁ። አስጎብኚው ከጽሑፉ ይልቅ የእሷ ገባኝ አለ።

ልጄ ከሦስተኛ ክፍል ሳትወርድ ቀረች። ስለቴንም አስገባሁ።

ሙዚየሙ ከመስታወቱ ሥር «ቢሻን» ብሎ በትልቁ ጽፏል። ትርጉሙን መጻፍ ረሱ። ለገበያ የመጣ ገበሬ ገብቶ እንደ የኔታ ያነበውና፣ ቆብ አውልቆ «አሜን» ብሎ ያልፋል። እኔም አላርመውም፤ አሁን ውሸት የለበትም።