የግራው መዝጊያ

ሰፈሩ የሚጠራው «ጋሽ ፍርስራሽ» ብሎ ነው። አሮጌ ቤት ሊፈርስ ነው ከተባለ፣ ከአፍራሾቹ ቀድሞ ጋሪ ይዞ ደጅ ላይ የሚቆመው እሱ ነዋ! ስሙ ሲነሳ ራሱም ይስቃል። እኔ ግድግዳ የምጋራው ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የመላጊያውን ድምፅ እየሰማሁ ነው የሰፋሁት፤ ስለ እሱ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ይምጣ።

አናጢ ነው፣ ያውም እጁ የተባረከ። የጣሉትን በር የምግብ ጠረጴዛ ያደርገዋል፤ ከደረጃ መደገፊያ የአልጋ ራስጌ ያወጣል። የራሱ ቤትማ ጉድ ነው። የዕቃ መደርደሪያው የፋርማሲ መስኮት ነበር፤ የእጅ መታጠቢያውን የተሸከመው የሆቴል በረንዳ ምሰሶ ነው። ሁሉንም በድሮ ባለቤቱ ነው የሚጠራው። መጀመሪያ የገባሁ ቀን «ብርጭቆውን ሐኪሙ ላይ አስቀምጪው» ሲለኝ ደንግጬ ዞር ዞር አልኩ። ለካ ከሐኪሙ ቤት መስኮት ደፍ የሠራትን ትንሽ ጠረጴዛ ማለቱ ነው! ይህን ሁሉ ሰው ቤቱ ሰብስቦ ወንበሩ ግን አንድ ብቻ ናት። እኔ ስገባ እሱ ይቆማል።

የሚያናድደኝ የፊት በሩ ነበር። ያ ሁሉ ሙያ ያለው ሰው፣ በሩ ግማሹ ቆርቆሮ! በቀኝ በኩል ከባድ፣ አበባ የተቀረጸበት የእንጨት መዝጊያ፤ በግራ በኩል ክፈፍ ላይ የተመታ የዛገ ቆርቆሮ። «ጋሼ፣ ደንበኛ ቢያይህ ምን ይላል?» ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ።

አንድ ቀን ጉንፋን ጥሎት ሾርባ ይዤለት ስገባ ነገረኝ። የወላጆቹ ቤት በር ነው። እናታቸው ከሞተች በኋላ መንገድ ሊወጣበት ቤቱ ሲፈርስ፣ እሱና ታናሽ እህቱ በሩን እኔ ልውሰድ፣ እኔ ልውሰድ ተባባሉ። እሷ፣ እናታችንን ያስታመምኩ እኔ ነኝ አለች። እሱ፣ አናጢው እኔ ነኝ አለ። ከዚያ ክፉ ቃል አመለጠው። «አንቺ ምን ታውቂበታለሽ? ለማገዶ ነው የምታደርጊው» አላት። በቃ፣ ሁለቱን መዝጊያዎች አንድ አንድ ተካፍለው ተለያዩ። መቀርቀሪያ ያለበት የቀኙ ለእሱ፣ ቁልፍና እጀታ ያለበት የግራው ለእሷ። ቤቷ ሁለት አውቶቡስ ቢያስይዝ ነው።

«ታዲያ ሂዳ!» አልኩት።

«ታላቅ እኔ ነኝ። ትምጣ።»

እልህ ምላጭ ያስውጣል የሚባለው ለእሱ ነው። በየክረምቱ መዝጊያው ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ከቆርቆሮው ክፈፍ ጋር ይጣበቃል። ክፈፉን ትንሽ ወደ ግራ መግፋት እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እሱ ግን መላጊያውን አንስቶ የራሱን መዝጊያ ጠርዝ ይልጋል። ደንበኛን «ያበጠ እንጨት አይላግም፣ በጋ ሲመጣ ይሰበሰባል» ብሎ የሚቆጣ ሰው!

«ለምን ቆርቆሮውን አትገፋውም?» አልኩት አንድ ክረምት።

«እሱ የእሷ ቦታ ነው። በልኳ ነው የተውኩት፤ አልነካውም።»

አንጀቴን በላው። ከዚያ በኋላ ሲልግ ስሰማ የማሽኔን ፔዳል ጠበቅ አድርጌ እረግጣለሁ፣ እንዳልሰማው።

አንዴ ብቻ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ኮቱን እኔው ተኩሼለት፣ ጢሙን ተላጭቶ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመልሶ «አውቶቡሱ ሞልቷል» አለኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰዓት ክር ልገዛ ፌርማታው ፊት ለፊት ቆሜ ነበር፤ አውቶቡሱ ባዶውን ነው የሄደው። አየሁህ አላልኩትም። ምነው ያኔ እጁን ይዤ ባሳፈርኩት ኖሮ! ዛሬም ይቆጨኛል።

አምና ክረምቱ እንዳበቃ አንድ ፒክአፕ ደጁ ላይ ቆመ። አንድ ጎልማሳ ወርዶ «አጎቴ፣ የእህትዎ ልጅ ነኝ» አለው። ጋሼ ሰውየውን አላየውም፤ ዓይኑ ከኋላ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ የተጫነው ላይ ነበር።

«እሷስ?» አለ ፊቱ በርቶ። «ከፊት ናት?»

ልጁ አቀረቀረ። ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗታል።

«ስትታመም ፈልጌ ላምጣው አልኳት። ‹በራሱ ጊዜ ይመጣል› አለችኝ። ቤትዎን የሚያውቅ አልነበረም፤ ይሄን ስንገለብጠው ነው ያገኘነው።» በመዝጊያው ጀርባ በእርሳስ የሰፈራችን ስም ተጽፏል፤ ከሥሩ «የወንድሜ» ይላል።

ማገዶ አላደረገችውም። እግር አስመትታ፣ ጠረጴዛ አድርጋ ስትበላበት ነው የኖረችው። እጀታው ከነቁልፉ እላዩ ላይ፤ ሳህን በተቀመጠ ቁጥር ይደናቀፍበታል። ይነቀል ሲሏት «ሞቼ ነው ቆሜ!» ትል ነበር አሉ። ቁልፉንም በየወሩ ዘይት ትቀባዋለች።

ጋሼ ቆርቆሮውን ነቀለ። ሦስት ሆነን መዝጊያዋን አንስተን ማጠፊያዎቹ ላይ ሰቀልናት። ከላይ፣ ከታች፣ ከጎን፣ ልክክ! እኔ በደስታ አጨበጨብኩ። እሱ ሁለቱን መዝጊያዎች ዘጋና ቁልፉን አዞረ። የቁልፉ ምላስ ቀጭ ብሎ ወጣ። ወጣና አየር ላይ ቀረ። በመሃላቸው አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ነበር፤ አሥራ ስድስት ክረምት የላገው።

ጣቱን ከተተበት። ቁልፉን ደግሞ አዞረው። ምላሱ ገባ፣ ወጣ፣ አልደረሰም። ያኔ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እኔም አይቻት ለማላውቃት ሴት አብሬው አለቀስኩ።

ልጁ ከሄደ በኋላ «ጋሼ፣ ቁራጭ ጣውላ ብትለጥፍበት እኮ ያልቃል» አልኩት። «ያልገጠመ እንጨት የለም፣ ያልለካ አናጢ እንጂ» ሲል የሚውል ሰው ነው። ራሱን ነቀነቀና ጥብጣብ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ጠንካራውን፣ ለካፖርት የማደርገውን ሰጠሁት። ሲመሽ የእሷን እጀታ ከራሱ መቀርቀሪያ ጋር ከውስጥ ያስርበታል።

በቀደም የመጽሐፍ መደርደሪያ ልታዝዝ የመጣች ሴትዮ በሩን አየችና ሳቀች። «ምነው ጋሼ! የሰው ቤት እያሳመሩ የራስዎን በር በጥብጣብ? ይቺ የግራዋ አንሳ ነው?»

ጋሼ ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ።

«የእሷ ልኩ ነው» አለ። «ያነሰው የኔ ነው።»