ነፃ ነህ ተብሎ የታሰረው ሰው

ኦስሎ ውስጥ ኦከርን በሚባል ሰፈር አጠገብ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ስሠራ ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ አንድ ኡይጉር ነበር። እሱ ከምዕራብ ቻይና የመጣ ሙስሊም፣ እኔ ጴንጤ። የሁለታችንም ኖርዌጂያንኛ የተሰባበረ ስለነበር ከአገሬው ይልቅ እርስ በርሳችን እንግባባለን። ዓሣ እንደማልወድ አውቆ፣ ዓሣ በሚቀርብበት ቀን ሁለት እንቁላል ቀቅሎ ያቆይልኛል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ስለ ቤተሰብ ስናወራ ታላቅ ወንድሙ የት እንዳለ ጠየቅኩት።

«ጓንታናሞ» አለኝ።

አልዋሽም፣ አሜሪካ አሸባሪ ያለቻቸውን የምታጉርበት እስር ቤት መሆኑን ስለማውቅ ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። አየኝ፤ እንዳላየ ሆኖ ታሪኩን ቀጠለ። ወንድሙ የቻይናን ፖሊስ ሸሽቶ አፍጋኒስታን ገባ። እዚያ ጦርነት ሲነሳ ወደ ፓኪስታን ተሻገረ፤ ያስጠጉት ሰዎች ለሽልማት ብለው ለአሜሪካኖች አሳልፈው ሰጡት። ከስንት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ፍርድ ቤት ይህን ሰው ለማሰር ምክንያት የለም አለ። ወደ ቻይና እንዳይመልሱት እዚያ ያሰቃዩታል፤ ሌላ የሚቀበለው አገር አልተገኘም።

«ታዲያ አሁን ምን እየጠበቀ ነው?» አልኩት።

«አገር» አለኝ።

ኖርዌይ ወንድሙን እንድትቀበልለት የሚለምን ደብዳቤ ጽፎ ነበርና የአንቺ ጽሑፍ ከእኔ ይሻላል ብሎ እንዳርምለት ሰጠኝ። ተቀብዬ ሥራ ቦታ ያለው ቁም ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። ሁለት ሳምንት አልነካሁትም። የዜግነት ማመልከቻዬ ገና መልስ አላገኘም፤ የእጄ ጽሑፍ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ መገኘቱ አስፈራኝ። በመጨረሻ «ጊዜ አጣሽ?» ሲለኝ አፈርኩ። የዚያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ላይብረሪ ገብተን ጨረስነው።

ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ የመጣልን መልስ ሦስት መስመር ነበር። ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ኖርዌይ ምድር ላይ ተገኝቶ ራሱ ማመልከት አለበት ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። በሰንሰለት የታሰረ ሰው ኦስሎ መጥቶ ወረፋ ይያዝ እንደ ማለት ነው። ስልክ ደወልኩ፤ አንዲት ሴትዮ በትሕትና ያንኑ ሦስት መስመር አነበበችልኝ።

ያኔ ፊርማ ለማሰባሰብ አሰብኩና ወረቀቱን ይዤ ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ሄድኩ። ከአምልኮ በኋላ አንዱን ሽማግሌ አናገርኩ።

«እህቴ፣ ፍርድ ቤት ነፃ ካለው ለምን አይለቁትም? እሳት በሌለበት ጭስ የለም ብለው የሚጠረጥሩ ይኖራሉ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሚቀበለው አገር ስለጠፋ ነው እኮ! በየእሑዱ ለታሰሩት እንጸልይ የለ እንዴ?»

«እንጸልያለን። መፈረም ግን ሌላ ነው። ጉባኤው ስደተኛ ነው፤ ሰው ለመኖሪያ ወረቀቱ ይፈራል።»

ልጮህባቸው ፈለግኩ። ግን የሚሉት ፍርሃት ቁም ሳጥኔ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተቀምጦ የነበረው የራሴው ፍርሃት ነው። ወረቀቱን ይዤ ወደ ሌሎቹ ዞርኩ። አመሩድ በሚባለው ሰፈሬ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ብቻ መነጽራቸውን አውጥተው ፈረሙ። «ያላጠፋ ሰው ነው አይደል ያልሽው? በቃ» አሉ። ከእሳቸው ሌላ፣ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ስድስት ሰው አገኘሁ። ልከነው ነበር፤ መልስ የሚባል አልመጣም።

በኋላ ሰውየውን አንዲት ሩቅ፣ ትንሽ አገር ተቀበለችው። እኛ ስላደረግነው ነገር አልነበረም። ባልደረባዬ ዜናውን የሰማ ቀን ካሮት እየላጠ አለቀሰ፤ እኔም አብሬው።

ፈቃድ ወስዶ ሊያየው ሄደ። ሲመለስ ምን እንዳወሩ ጠየቅኩት። ወንድሙ በመጀመሪያ የጠየቀው እናታቸው ሲቀበሩ ማን ማን እንደተገኘ ነበር። ባልደረባዬም በስልክ የሰማውን ያህል አንድ በአንድ ስማቸውን ጠራለት። እስከ ከሰዓት ድረስ በዚሁ ዋሉ።

ሥራ የገባው ግን አንድ ቀን ዘግይቶ ነው። አውሮፕላን በሚቀይርበት ከተማ፣ ማንን ጠይቀህ መጣህ ብለው አንድ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቆዩት። ለአለቃችን ግን «በረራ አመለጠኝ» አላት፤ እሷም ስሙ ላይ ማስጠንቀቂያ ጻፈችበት።

«ለምን እውነቱን አትነግራትም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ጓንታናሞ የሚለውን ስም አንዴ ከሰማች ሌላ ነገር አትሰማም» አለኝ።

 ዜግነቴን ያገኘሁት በዚያው ዓመት ነው። ወንድሙ ለአሥር ቀን ጉብኝት እንዲመጣ በስሜ የጥሪ ደብዳቤ ጻፍኩለት፤ ፓስፖርት ስለሌለው አይቻልም ተባልን። ይግባኝ አልን። ሥራ ቀይሬ ከመጦሪያው ስወጣም ጉዳዩ «በመታየት ላይ» ነበር።