ትሬቨርና የ«ደህና ነኝ» አመሉ

ኦልዌን ፓሪ የሰው ድምፅ አስመስላ መናገር ትወዳለች። ቄሱንም ሥጋ ሻጩንም፣ ማንንም አትምርም። ሰሞኑን ደግሞ ለበሽተኞች ድጎማ የሚሰጠው ቢሮ ሠራተኛ ሆና ባሏን ትሬቨርን ሳሎን ውስጥ ታፋጥጠዋለች።

«ጤና ይስጥልኝ አቶ ፓሪ፣ ዛሬ እንዴት ነዎት?» ትላለች አፍንጫዋን ይዛ።

«ደህና ነኝ፣ አንቺስ?»

«አሁንም ደህና ነኝ ትላለህ? ደረትህ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ!»

«ታዲያ ሴትዮዋ ሰላም ስትለኝ ልሙትባት?»

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። መንግሥት ሕጉን ቀይሯል። ከኤፕሪል በፊት የተመዘገበ በሽተኛ ድጎማውን ሙሉ ያገኛል፣ ኑሮ ሲወደድም በየዓመቱ ይጨመርለታል። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ግን አብዛኛው ግማሹን ብቻ ነው፤ እሱም ዳቦ ቢወደድ ጋዝ ቢወደድ ንቅንቅ አይልም። የአካባቢያቸው የሮንዳ ሰው ሁሉ ሊመዘገብ ሲሯሯጥ፣ ዕድሜውን ጣሪያ ሲሠራ የጨረሰው ትሬቨር «ለማኝ አይደለሁም» ብሎ ኮርቶ ከርሞ፣ በስንት ጭቅጭቅ ተመዘገበ። አሁን የቀረው ቢሮው ሕመሙን የሚያጣራበት የስልክ ጥያቄ ነው።

ስልኩ ጮኸ።

«አቶ ፓሪ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነኝ፣ እርስዎስ?»

ኦልዌን የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ ወረወረችበት።

«በእግርዎ እስከ የት ይሄዳሉ?»

«አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ እሄዳለሁ እንጂ!»

«እዚያ ሲደርሱስ?»

ትሬቨር ሚስቱን አያት። «አንቺዬ፣ እስቲ ሻይ ጣጂ።»

ወጣች፤ ግን ከበሩ ኋላ ማን ይነቅላታል?

«እዚያማ እቀመጣለሁ፣ ትንፋሼ እስኪመለስ። አውቶቡስ ሲቆምልኝ ሂድ ብዬ በእጄ እሸኘዋለሁ። ለባለቤቴ፣ የቆየሁት ኤምሊን በወሬ ይዞኝ ነው እላታለሁ።»

ኤምሊን ጎረቤታቸው ነው። በዚህ ሰበብ ኦልዌን «ያ ለፍላፊ ባሌን ብርድ ላይ ገትሮ ሊገድልብኝ ነው» እያለች ክረምቱን ሙሉ በየቤቱ ስታማው ነበር!

«ሌላስ፣ አቶ ፓሪ?»

«ጋደም ስል ያፍነኛል። እሷ እንዳትነቃ አፌን በብርድ ልብስ ጠቅጥቄ ነው የምስለው። አደራዎን፣ ይህን እንዳይነግሯት።»

ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ነበር። ኦልዌን አልሰማችውም።

ውሳኔው ኤፕሪል ሳይገባ መጣ፤ ትሬቨር ሙሉውን ከሚያገኙት ነባሮች ተቆጠረ። ኦልዌን ለኤምሊን ኬክ ጋግራ ወስዳ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱ እቴ፣ መታማቱንም አያውቅ፤ ኬኩን ግን አልመለሰም።

የዓመቱ ጭማሪ ሲገባ ሁለት ወፍራም ትራስ ገዝታ አልጋው ላይ ከትሬቨር ጀርባ ደረደረችለት።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«መንግሥት የጨመረልህ ነዋ! ተደገፈው። ሳልህ ሲመጣ ደግሞ ጮክ ብለህ ሳል፤ እኔም ነቅቼ አብረን ሰው እናማለን።»

ትሬቨር ዞር ብሎ አያት። «በሩ ኋላ ነበርሽ?»

«እኔ? ሻይ እየጣድኩ!» አለችና ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ብቻ ሳበችለት።