ጸልያችሁ ጨረሳችሁ?

የድሮ የመዘምራን ጋዋኖቻችንን ለወጣቶች ኅብረታችሁ ልትወስጂ የመጣሽ ቀን ሳጥኑን ስከፍተው መጀመሪያ የናፍታሊን ሽታ መታኝ። ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሽታ ወጣ፤ የስፌት መኪና ዘይት። አንቺ የእኔን ጋዋን ብድግ አድርገሽ ጠርዙን አየሽና "ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው በነጭ ክር የተዘመዘመው?" ብለሽ ሳቅሽ። ወይን ጠጅ ልብስ ላይ ነጭ ክር በእርግጥ ያስቃል። አብሬሽ ሳቅኩና መልሱን ዋጥኩት። ያን ቀን የዋጥኩትን ነው አሁን የምነግርሽ።

ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ዳገት ላይ ያለች የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረች። ዝናብ ሲጥል ሰባኪውና ጣሪያው እኩል ይጮኹ ነበር። የወጣቶች ኅብረቱ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ጥፋት አጥፍተው የተያዙ ልጆች ወደሚኖሩበት ግቢ ለአገልግሎት ይሄድ ነበር። ዳቦና ሳሙና እንይዛለን፤ ኪቦርዱን ሚኒባስ ውስጥ ጉልበታችን ላይ እናጋድመዋለን፤ ረዳቱም "ይሄ ሬሳ የማን ነው?" እያለ ያላግጥብናል። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ያመጣል። በሩን አልፈን ስንገባ ግን እርጥብ ብርድ ልብስና ወጥ የነካው ሲሚንቶ ይሸተን ነበር። ይህን ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አላወጣሁትም።

ልጁን ያወቅኩት እዚያ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ የእኔ እኩያ። የቆመ መኪና ስፖኪዮ ሲፈታ ነበር የተያዘው። እዚያው ግቢ ውስጥ ልብስ ስፌት ይማር ነበር፤ ስናዘምርም ማንም ሳያስተምረው ሁለተኛውን ድምፅ ይይዛል። አባት አያውቅም፤ እናቱ ሞታለች። ያለችው የእናቱ ታላቅ እህት ብቻ ነበረች፤ ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የምትሸጥ፣ ሳትታክት የምትጠይቀው አክስት።

መውጫው ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ግቢ ልጅ ብቻውን አይወጣም፤ ፈርሞ የሚረከበው ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። አክስቱ እንደምትረከበው ነግራቸው፣ የሚተኛበትን ክፍል ሁሉ ቀለም አስቀብታ ነበር።

ከመውጣቱ በፊት ባለው ቅዳሜ ልዩ ፕሮግራም አዘጋጀን። ቤተሰብ ተጠራ፤ ልጁም ምስክርነት እንዲሰጥ ተመረጠ። የእኛ ሰው ምስክርነት እንዴት እንደሚወድ ታውቂያለሽ። "ድሮ እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬ ጌታ እንዲህ አደረገኝ" ሲባል አዳራሹ በእልልታ ይናጋል። የድሮው ነገር ቀለል ካለ ግን እልልታውም ይቀዘቅዛል። የኅብረቱ መሪ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የምሳውን ብር ለእነዚያ ልጆች ዳቦ የሚያወጣ ሰው ነበር። ልምምዱ ላይ እኔም ነበርኩ።

"ስፖኪዮ ብቻ?" አለው።

"አዎ፣ ስፖኪዮ ብቻ።"

"ወንድሜ፣ ልብህን በደንብ መርምር እንጂ። ለሰው ያልተናገርከው የለም? ጌታ ሙሉ ልብ ነው የሚፈልገው።"

ልጁ የሸሚዙን ቁልፍ አሻሸና "አንድ ነገር አለ" አለ። ሊናገር አፉን ሲከፍት መሪው እጁን አነሳ፤ "አሁን አይደለም፣ አሁን አይደለም! ትኩሱን ለጉባኤው አቆየው።"

ምን እንደሆነ ከእኛ አንድም ሰው አልጠየቀውም።

በዕለቱ ከእኛ ጋር እንዲዘምር ጋዋኔን አዋስኩት። በቁመት ይበልጠኝ ስለነበር ጠርዙን ተርትሮ አስረዘመው። የግቢው አዳራሽ ጣሪያ ላይ መሐል መሐሉን የገባ አረንጓዴ ፕላስቲክ ነበርና ሁላችንም አረንጓዴ ብርሃን ተቀብተን ተቀመጥን። አክስቱ ፊተኛው አግዳሚ ላይ ነበረች፤ ጉልበቷ ላይ አዲስ ጃኬት በፌስታል ይዛለች። ከመድረኩ ሆኖ ጃኬቱን አየና ፈገግ አለ። የመጨረሻ ፈገግታውን ያየሁት ያኔ ነው።

ስለ ስፖኪዮው ተናገረ። ጥቂት ሰው "አሜን" አለ። ከዚያ እንዲህ አለ፤

"ከእናቴ ጋር አክስቴ ቤት ስንኖር የአክስቴ የአንገት ወርቅ ጠፋ። እናቴ ናት የወሰደችው ተባለ። ሌባ ተብላ ከቤት ወጣች። የወሰድኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ታውቅ ነበር። እኔን እንዳያባርሩኝ ብላ ዝም አለች፤ እንደተኳረፉ ሞተች። ጌታ ግን ይቅር ብሎኛል።"

አዳራሹ ፈነዳ። እልልታ፣ ጭብጨባ፣ "ሃሌሉያ!"፤ ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ሳይቀር ዜማ ጀመረ። አክስቱ ያኔ ተነሳች። ወደ መድረኩ ስትራመድ ልታቅፈው መስሎን ጭብጨባችንን ጨመርን፤ መሪያችን እንባውን እየጠረገ ቦታ ለቀቀላት። በሩ ከመድረኩ ጎን ነበር። ሳታየው አልፋው ወጣች። ጃኬቱ አግዳሚው ላይ ቀረ። እልልታው ወዲያው አልቆመም፤ ከኋላ ያሉት አላዩም ነበርና እኛ ዝም ካልን በኋላም እነሱ ይሉ ነበር። ያ እልልታ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ እሑድ ሰው ለምስክርነት ሲቆም ውሃ ልጠጣ ብዬ የምወጣው ለዚህ ነው።

መሪያችን ሽሮ ሜዳ ድረስ ሄዶ ለመናት። "ይቅር ብዬዋለሁ በሉት" አለችው። "እሱ ያኔ ልጅ ነበር፤ እህቴን ሌባ ያልኳት እኔ ነኝ። ግን ቤቴ አላስገባውም። ዓይኑ የእሷ ዓይን ነው፤ በየጠዋቱ እሷን ማየት አልችልም።" ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ልትጠይቀው አልሄደችም።

የመውጫው ቀን መጣና አለፈ። የሚፈርም ሰው ጠፋ። ለሽማግሌዎቹ ነገርን፤ "እንጸልይበት" አሉ። አባቴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። ግቢያችን ውስጥ የተሰባበሩ ወንበሮች የምናከማችበት ሰርቪስ ክፍል ነበረን። "አባዬ፣ እኔ አጸዳዋለሁ፤ እዚያ ይተኛ" አልኩት። አባቴ መነጽሩን አውልቆ በጋቢው ጫፍ ጠረገና "የኔ ልጅ፣ ነገሩ ከባድ ነው። እንጸልይበት" አለ። በእኛ ቤት እምቢ የሚባለው እንደዚያ ነበር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። እኛ እንባውስ ሞልቶን ነበር፤ የገደደን አንድ አልጋ ነው።

ልጁ ግን ይህን ቋንቋ አያውቅም። አዲስ አማኝ ነው፤ የተነገረውን እንዳለ ያምናል። ቅዳሜ ቅዳሜ በር ላይ ይጠብቀኝና "ጸልያችሁ ጨረሳችሁ?" ይለኛል። ፌዝ የለበትም። ጸሎቱ ሲያልቅ አንድ ሰው እንደሚመጣ ነው የሚያውቀው። "ገና ነው" እለዋለሁ። "እሺ፣ በርቱ" ይለኛል፤ እኛን ያበረታናል! ወንበሮቹ ከሰርቪሱ አልወጡም፤ እሱም ሳምንት በሳምንት እየከሳ ሄደ።

በመጨረሻ ዕድሜው ከዚያ ግቢ አለፈ ተብሎ ተወሰደ። ወዴት ብዬ ብጠይቅ ዘበኛው "እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ" አለኝ። የስፌት መኪናው ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጦ ነበር። መሪያችን ዛሬ ትልቅ አዳራሽ ያለው ፓስተር ነው፤ ያን ምስክርነት አሁንም እያነሳ ይሰብካል። ሲተርከው እልልታው ላይ ያቆማል።

ሌሎቹን ጋዋኖች መጥተሽ ውሰጂያቸው። እናንተም ወደዚያ ግቢ ልታገለግሉ እንደሆነ ነግረሽኛል፤ ሂዱ፣ አትሂዱ አልልም። የእኔን ግን ተዪልኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ባየሁት ቅዳሜ፣ መንገዱን ሙሉ "ገና ነው"ን በምን ቃል እንደማለዝበው ሳስብ ነበር የሄድኩት። ልጁ ጋዋኔን አጥፎ፣ ጃኬቱ በመጣበት ፌስታል አድርጎ ሰጠኝ። "ጠርዙን ወደ ልክሽ መልሼዋለሁ። የሚመሳሰል ክር አጣሁ፤ ግን አይፈታም" አለኝ። ተቀብዬው ቆምኩ። ጥያቄውን ጠበቅኩ።

"ዛሬ ኪቦርዱ አልመጣም?" አለኝ፤ ሌላ ምንም ሳይጠይቀኝ ወደ ስፌቱ ተመለሰ።