ለካልኩሌተሬ ዕቃ ስመርጥ

የአክስቴ ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ስለነበረች በቤተሰባችን ውስጥ ከሚኒስትር በላይ ትከበር ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን እኛ ስኳር ልንገዛ ቀበሌ ሱቅ ስንሰለፍ እሷ ከሮም አዲስ ጫማ ተጫምታ ቦሌ ላይ ትወርዳለች። ለእኔ ጫማ አምጥታልኝ አታውቅም። አንድ ቀን ግን፣ "አንቺ ቁጥር አይደል የምትወጂው?" ብላ ፕሮግራም የምትቀበል ካልኩሌተር ጣለችልኝ። ያገለገለች ናት፤ ጥጋጥጓ ተፍቋል፣ አንዱ ቁልፏም ካልደቆሱት አይሰማም። ከጫማ የበለጠ ወደድኳት።

የምሠራው መንገድ በሚነድፍ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በስሌት ክፍል ነበር። ቀያሾቹ ፊልድ ወጥተው ማዕዘንና ርቀት ይለካሉ፤ እኛ ቢሮ ተቀምጠን እነሱ የተሳሳቱትን እናቃናለን። እኔም ቅየሳ የተማርኩ ነኝ፤ ከአንዳንዶቹም የተሻልኩ ነበርኩ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ፊልድ ልውጣ ባልኩ ቁጥር ግን የቡድን መሪው፣ ሆዱ ከማዕዘን መለኪያው ከቲዮዶላይቱ ቀድሞ ኮረብታ የሚወጣው ሰውዬ፣ "የሴት ድንኳን የለንም" ይለኛል። ድንኳን ጾታ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

በዚያ ዓመት ባሌ ውስጥ ለመንግሥት እርሻ የሚሆን መንገድ ሊቀየስ ነበር። ከዚያ ቡድን ጋር መሄድ ፈለግኩ፤ ሌላ ምንም አልፈለግኩም። ዘዴዬም ተራ ነበር። ለማሽኗ የቅየሳ ስሕተት የምታርም ፕሮግራም ጻፍኩላት። ቀያሾቹ ቀን የለኩትን ማታውኑ ድንኳን ውስጥ ማረም ከተቻለ፣ ወረቀት ተሸክሞ አዲስ አበባ መመላለስ ይቀራል፤ ማሽኗን የምታውቅ ሴትም አብራ መሄድ ይኖርባታል። የማሽኗ እንከን አንድ ብቻ ነው። የባትሪ ድንጋይዋ ከወጣ፣ ሹመት እንዳገኘ ዘመድ የነገርኳትን ሁሉ ትረሳለች። ስለዚህ ፕሮግራሙን የሚያስቀምጥልኝ ተጨማሪ ዕቃ ያስፈልጋል።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ ካታሎግ አመጣችልኝና ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ ካለች ኬክ ቤት ተቀምጠን ገለጥነው።

"አንዱን ብቻ ምረጪ" አለችኝ። "ሻንጣዬ የመንግሥት መጋዘን አይደለም።"

የመጀመሪያው ካርድ አንባቢ ነው። ማስቲካ የምታህል ስስ ካርድ በአንድ በኩል ይውጥና በሌላው ይተፋል፤ ፕሮግራሙ እዚያች ላይ ይቀራል። እጅግ አማረኝ። ነገር ግን ካርዷ አዲስ አበባ አትሸጥም፤ አንዷ በተበላሸች ቁጥር የአክስቴን ልጅ ደጅ ልጠና ነው። ደጅ መጥናቱን ደግሞ መሥሪያ ቤት ጠግቤዋለሁ።

ሁለተኛው እስክሪብቶ የሚመስል ነገር ነበር። ወረቀት ላይ የታተሙ ጥቋቁር መስመሮችን ሲያስነኩት ያነባል፤ ቁልፍ መደቆስ ቀረ ማለት ነው።

"ይሄ ነው የሚያምረው" አለች የአክስቴ ልጅ። "ጉምሩክ እስክሪብቶ ነው ብዬ በኪሴ አልፋለሁ።"

እሷ ትለፍ፤ መስመሮቹን ማን ያትምልኛል? የመሥሪያ ቤታችን ማባዣ ማሽን የሚቆለፍበት ክፍል ቁልፍ መሥሪያ ቤቱን የሚጠብቀው የፓርቲ ካድሬ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ሳይፈርም አንዲት ገጽ አትባዛም። አንድም ፊደል የሌለበት፣ መስመር ብቻ የሆነ ወረቀት ይዤ "ጓድ፣ ይህን ይፍቀዱልኝ" ስል ታየኝ። "ምን ይላል?" ቢለኝ "እኔም ማንበብ አልችልም" ልለው ነው። እንዲህ ያለ መልስ የሚሰጡ ሰዎች የት እንደሚያርፉ አውቃለሁ፤ እዚያ የሴቶች ክፍል አለ።

ሦስተኛው ካልኩሌተሯን ከቴፕ ጋር የሚያገናኝ፣ ሳሙና የሚያህል ሣጥን ነው። ፕሮግራሙን ወደ ድምፅ ለውጦ ተራ ካሴት ላይ ይቀዳዋል፤ ሲፈለግም ከካሴቱ መልሶ ያስገባዋል። ቴፕ እቤት አለ፣ ካሴት በየሱቁ ሞልቷል፣ የማንም ፊርማ አያስፈልገውም።

"ይሄን" አልኩ። በምርጫዬ ኮራሁ። የአክስቴ ልጅ ግን፣ "ከሦስቱ አስቀያሚውን" ብላ ኬኳን ጨረሰች።

ሣጥኑ መጣ። ፕሮግራሙን ቀዳሁና በትክክል መግባቱን ለመስማት ቴፑን ከፈትኩት። ድምፁ ዘይት ያልነካው የብረት በር ሲጎተት ይመስላል። እናቴ ከጓዳ እየሮጠች መጣች።

"ዝጊው! ዝጊው! የታፈነ የውጭ ሬዲዮ ነው የሚመስለው፤ ቀበሌ ይሰማናል!"

"እማዬ፣ ስሌት እኮ ነው።"

"ስሌት ከመቼ ወዲህ ነው የሚጮኸው?" አለችና መስኮቱን ዘግታ ቴፑ ላይ ጋቢ ደረበችበት። ሁለተኛ እቤት ውስጥ እንዳላስጮኸው አስማለችኝ።

አንድ ካሴት ብቻ መያዝ ግን አስፈራኝ፤ ካሴት ይበጠሳል፣ ይጠላለፋል። ስለዚህ ማንኛውም የከተማችን ሰው እንደሚያደርገው ወደ ሙዚቃ ቤት ወሰድኩት። ያን ጊዜ ዘፈን የፈለገ ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይሄዳል፤ ባለ ሱቁ ይቀዳለታል። የሃያ ሁለቱ ባለ ሙዚቃ ቤት በጥራቱ የታወቀ፣ ካሴት ላይ አንዲት የ"ሽሽ" ድምፅ የማይታገሥ ወጣት ነበር። "እንዳለ ገልብጥልኝ" ብዬው ሄድኩ። በማግሥቱ ስመለስ ሁለቱን ካሴቶች በፈገግታ ሰጠኝ።

"ሁለቱንም አሳምሬልሻለሁ፣ እህቴ።"

ካሴት ምን ያምራል ብዬ አልጠየቅኩም። እቤትም አልሞከርኳቸውም፤ ምዬ የለ! ፕሮግራሙም ማሽኗ ውስጥ ደህና ስለነበር ካሴቶቹን ለመጠባበቂያ ብቻ ነበር የያዝኳቸው።

ማመልከቻዬ ተፈቅዶ ማሽኗን ለኃላፊዎቹ የማሳይበት ቀን ደረሰ። ሰብሳቢው ካድሬው ራሱ ነው፤ በቀኙ የቡድን መሪው፣ ከኋላቸው መሥሪያ ቤቱ በሙሉ። ቴፑንና ማሽኗን ይዤ አዳራሹ በር ላይ ስደርስ ጥበቃው አስቆመኝ። ድንጋይ ያለው ዕቃ ሳይፈተሽ አይገባም። የማሽኗን ድንጋዮች አወጣ፣ እያንዳንዱን ወደ ብርሃን አንሥቶ እንደ እንቁላል መረመረ፣ ከዚያ መለሳቸው። ያ ሁሉ ፕሮግራም በሩ ላይ ቀረ። አልደነገጥኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ካሴት መምረጤ ትክክል እንደነበረ በሕዝብ ፊት ላስመሰክር ነው።

ገመዱን ሰካሁ፣ ቴፑን ከፈትኩ፣ ጠበቅኩ። ማሽኗ ምንም አልገባትም። ምን እየሰማች እንደሆነ ላውቅ ገመዱን ከቴፑ ነቀልኩት።

አዳራሹን የፍቅር ዘፈን ሞላው። ዘፋኙ የአንዲት ልጅ ዓይን እንዴት እንቅልፍ እንደነሣው ይናገራል፣ ከኋላው ክራር ይመታል። ከኋላ ወንበር አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀምሮ ተወው። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

"ጓዲት፣ ይህ ስሌት ነው?"

"መግቢያው ነው፣ ጓድ ሰብሳቢ" አልኩና ሁለተኛውን ካሴት አስገባሁ። በእሱ ላይ ያለው ዘፋኝ ደግሞ የባሰ ፍቅር የያዘው ነበር።

ኋላ ሄጄ ስጮህበት ባለ ሙዚቃ ቤቱ ከልቡ አዘነ። ያ ጩኸት ከእሱ ሱቅ ወጣ ቢባል ስሙ ስለሚጠፋ፣ ሁለቱንም አጥፍቶ ከምርጥ ምርጦቹ ሞልቶልኛል። ካሴት ባዶ መስጠትም ነውር ነው።

ያኔ አዳራሹ ውስጥ ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው ባሌ ከእጄ እየወጣች መሆኑን ነው። የቡድን መሪው በእጁ አፉን ይዞ ትከሻው ይርገፈገፋል። ፈራሁ። "ሻይ እስኪጠጣ ጊዜ ይሰጠኝ" አልኩ። ለሻይ እምቢ የሚል ስብሰባ አይቼ አላውቅም፤ ተፈቀደ። እነሱ ሲጠጡ እኔ አጎንብሼ ፕሮግራሙን በጣቴ አንድ በአንድ ማስገባት ጀመርኩ። ሳምንታት ስጽፈውና ስሰርዘው ስለከረምኩ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነበር። ያቺ የማትሰማ ቁልፍ በመጣች ቁጥር በአውራ ጣቴ እደቁሳታለሁ፣ በሆዴም እረግማታለሁ።

ሻዩ አለቀ፤ ጨረስኩ። ከባለፈው ቅየሳ የተወሰዱ ልኬቶችን ሰጡኝ። ማሽኗ ጥቂት አሰበችና መልሱን አወጣች፤ ክፍላችን ብዙ ቀን ለፍቶ ካገኘው ጋር አንድ ሆነ። ተጨበጨበ። ሰብሳቢው ተነሣ።

"ጓዲት ያሳየችውን ጥረት እናደንቃለን። ማሽኑ ከቡድን መሪው ጋር ወደ ባሌ ይሄዳል። ድንኳን ስለሌለ ጓዲት በስሌት ክፍል ትቀጥላለች።"

እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። ማሽኗን ገለበጥኳት፣ ድንጋዮቿን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው።

"ይውሰዷት" አልኩ ለቡድን መሪው።

"ፕሮግራሙስ?"

"ድንጋይ ሲወጣ ይጠፋል። ጥበቃውን ይጠይቁት።"

"ካሴቱስ?"

"ሰምተውታል።"

ሰብሳቢው ትዕግሥቱ አለቀ። "ታዲያ የተቀመጠው ምን ላይ ነው?"

"እኔ ላይ።"

ይህን ያልኩት በድፍረት ሳይሆን በንዴት ነው። ሰብሳቢው ድንጋዮቹን አየ፣ እኔን አየ፣ የቡድን መሪውንም አየ።

"እንግዲያው እሷንም ከዕቃው ጋር ጫኗት።"

ሁሉም ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ አልተቃወምኩምም። የሌለው ድንኳን በሳምንቱ ከመጋዘን ተገኘ፤ ጾታውን ማን እንደቀየረው አልጠየቅኩም።

በመነሻችን ጠዋት መኪናው ቦሌ መንገድ ዳር ቆሞ ሠራተኞቹ ችካሉን፣ ድንኳኑንና የቲዮዶላይቱን ባለ ሦስት እግር ከኋላ ጫኑ። እኔ ማሽኗን ጭኔ ላይ አድርጌ ጋቢና ገባሁ። የቡድን መሪው በሩን ከፍቶ ፈዞ ቀረ።

"ይሄ የኃላፊ ቦታ ነው እኮ። ከኋላ ነው የተመደብሽው።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ዕቃ ነኝ" አልኩት። "ተሰባሪ ዕቃ ከኋላ አይጫንም።"

ሹፌሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የቡድን መሪው ሱሪውን ሰብስቦ ከኋላ ችካሉ ላይ ወጣ።