የዘሀራ ቤጎንያ

ክረምት ገብቶ ውሃ የጠገበ አፈር ሲሸተኝ፣ ዛሬም መርሳ ከተማ ያለው ቤታችን በረንዳና የዘሀራ ቤጎንያ አበባ ይመጡብኛል። ሰው ይህን ሽታ ይወደዋል፤ እኔ መስኮት እዘጋለሁ።

ዘሀራ ታላቅ እህቴ ናት። አንዲት ቅርንጫፍ ሲሪንቃ ካለች ጓደኛዋ ለምና አምጥታ፣ የዘይት ቆርቆሮ ታቹን በሚስማር በሳስታ ተከለቻት። በበጋ የመርሳ ሙቀት አይጣል ነውና፣ የጠዋት ፀሐይ አሙቃት፣ ረፈድ ሲል ወደ ጥላ ትጎትታት ነበር። አፈሩን በጣቷ ዳስሳ ካልደረቀ ጠብታ ውሃ አትሰጣትም፤ እኔ ጣሳ ይዤ ስጠጋ «አርፈሽ ተቀመጪ፣ እሷን የሚገላት ጥጋብ ነው» ብላ ታባርረኝ ነበር። ሮዝ አበባዋ በዘለላ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ያስቆም ነበር። እማ ግን ዞር ብላም አታያትም፤ «የማይበላ ነገር» እያለች ታልፋት ነበር።

በበልጉ ዘሀራ በደላላ ለሥራ ጅዳ ሄደች። አባ አልወደደም፤ ግን እምቢ ቢላት በባሕር ልትሄድ እንደምትችል ስለሚያውቅ መርቆ ሸኛት። ከዚያ በኋላ እማ ያቺን የማይበላ ነገር የሙጥኝ አለች። ዘሀራ ጁምዓ በጁምዓ በጎረቤታችን በጋሽ መኮንን ሱቅ ስልክ ትደውል ነበር፤ ልጅ ሲልኩብን ጫማችንን ሳናደርግ እንሮጥ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ስልኩ ቀረ። አንድ ጁምዓ አለፈ፣ ሌላም አለፈ፤ የምናውቀው ቁጥር አይሠራም፣ የላካት ደላላም ተሰወረ። እማ ሱብሂ ሰግዳ ስትነሳ በጆግ ውሃ ቀድታ ቤጎንያዋን ታጠጣለች፣ ቀትር ላይ ትደግማለች፣ ማታም ዱዓ እያደረገች ታጠጣለች፤ በዚያ ላይ ዝናቡ አለ። የቆርቆሮው ቀዳዳ በጭቃ ተደፈነ፣ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ረገፈ፣ ግንዷ ከሥሩ ለሰለሰና መሽተት ጀመረ። እማ፣ አበባዋ ከሞተች ዘሀራም የሞተች ይመስላት ስለነበር፣ ማናችንም ደፍረን አንከለክላትም ነበር። ገበሬው አባቴ ብዙ ችሎ አንድ ጠዋት ተናገረ።

«ኧረ አንቺ፣ ውሃው ነው ያበሰበሳት። ተያት።»

እማ ዞራ አላየችውም። «አውቃለሁ» አለች፣ «ለልጄ የማደርግላት ሌላ ምን አለኝ?»

አባቴ በርጩማውን ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ውሃው ከቆርቆሮው አፍ ሞልቶ ሲፈስ አብሯት ያይ ጀመር።

መስከረም ላይ ቤጎንያዋ ከሥሯ በስብሳ ወደቀች። እማ የሰው ለቅሶ አለቀሰች፤ ጎረቤትም ክርስቲያን እስላም ሳይል መጥቶ ተቀመጠ፣ ለአበባ ይለቀሳል ወይ ያለ አልነበረም። እኔ ደግሞ እህቴ በእርግጥ የሞተች መስሎኝ ከጓዳ አልወጣ አልኩ።

ኅዳር ውስጥ ጋሽ መኮንን ራሳቸው ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይዘው እየሮጡ መጡ። ዘሀራ ናት! አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት፣ ቤት ዘግታባት ከርማ ነበር። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፈቱልን። እማ በልተሻል ወይ፣ ታመሻል ወይ አላለችም።

«አበባሽን ገደልኩብሽ፣ ዘሀራዬ፣ አፉ በይኝ» አለቻት።

ዘሀራ በማናውቀው ቀጭን ድምፅ «የቱን አበባ?» አለች።

ዘሀራ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ አሁን ግራና ከተማ ትነግዳለች፤ ያንን ክረምት አንስታው አታውቅም። እኔ ወልድያ እኖራለሁ። የኔም ልጅ ዘንድሮ ስለምናት፣ ስቆጣት፣ ስለምናት ዐረብ አገር ሄደች። ያኔ ስልክ የጎረቤት ነበር፣ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ስትደውል መልኳን ሳይቀር አያለሁ። ፊቷ እየከሳ፣ ዓይኗ እየጎደጎደ ነው፤ ምን ሆንሽ ስላት ደህና ነኝ ትለኛለች። እናቴ ሳታይ ተጨነቀች፣ እኔ እያየሁ እጨነቃለሁ፤ ልዩነታችን ይኸው ብቻ ነው።